ከወንበሩ ጀርባ

ጸጉር አስተካካዩ የምክር አገልግሎት ወደምሰጥበት ቢሮዬ መመላለስ የጀመረው ሚስቱ ቁርጡን ስለነገረችው ነው። ልጃቸው ሆስፒታል ውስጥ ካረፈ ወዲህ ስሙን አንስቶ አያውቅም። "ወይ ስለ ልጃችን ታወራኛለህ፣ ወይ እኔ እህቴ ጋ እሄዳለሁ" አለችው። እኔ ጋ መጥቶም ያው ነው። ስለ መቀስ ስለት ጠይቁት፣ አንደበቱ ይፈታል። ስለ ልጁ ሲሆን ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ጣሪያዬ ደግሞ ምንም የሚታይ ነገር የለውም።

በመጨረሻ የቡድን ምክር እንዲሞክር ጠየቅሁት። ልጅ የቀበሩ ወላጆች በየሳምንቱ እኔው ጋ ተሰብስበው ያወራሉ።

"ገመናዬን አደባባይ ላስጣው?" አለ።

"ምን አደባባይ አለው? ማዶ ያለው ክፍል ነው። እዚያ የተሰማ ውጭ አይወራም።"

"ዶክተር፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ የሰው ብሶት ስሰማ ነው የምውለው።"

ዶክተር እንዳልሆንኩ ስንቴ ነግሬዋለሁ! ደሜ ፈላ። "ታዲያ የእርስዎን ማን ይስማ?" ብዬ ጮህኩበት። አማካሪ እንዲህ አይናገርም። እሱ ግን ጣሪያውን ትቶ እኔን አየኝ። አንድ ቀን ብቻ ሊመጣ፣ በሩ አጠገብ ሊቀመጥ፣ ካልፈለገ ትንፍሽ ሳይል ሊሄድ ተስማማን።

በቀጠሮው ቀን ሚስቱ አብራው መጣች። ኮሪደሩ ላይ ስትቀመጥ ልብስ የሞላ ሻንጣ እግሯ ሥር አየሁና ደነገጥኩ።

"ዛሬም ዝም ካለ ከዚሁ ነው የምሄደው" አለችኝ።

ወንበሮቹን በክብ ደርድሬያለሁ። ሰውዬው በሩ አጠገብ ያስቀመጥኩለትን አልፎ ሄደና ከወላጆቹ አንዱ የሆነ ጡረተኛ መምህር ጀርባ ቆመ። ዕድሜ ልኩን ሰው ያናገረው ከጀርባ ቆሞ ነው፤ ሌላ አያውቅበትም። መምህሩ ዞር ሊል ሲል ሳያስበው ጭንቅላቱን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ወደ ፊት መለሰው። ሰዉ ሳቀ። እሱ በእፍረት እጁን ሰበሰበ፤ ሊወጣ ነው ብዬ ሰጋሁ።

"ግድ የለም፣ እዚያው ይቁሙ" አለ መምህሩ ሳይዞር።

ሰውዬው የመምህሩን ማጅራት እያየ ተናገረ።

"የዚያን ዕለት ልጄ ከሆስፒታል ደውሎልኝ ነበር። የደንበኛዬን ጭንቅላት ገና ግማሹን ነበር የላጨሁት። ስጨርስ እደውልለታለሁ ብዬ ዘጋሁበት። ስደውል የሚያነሳ የለም። ሚስቴ ይህን አታውቅም። ብታውቅ አንድ ቀን አብራኝ አታድርም።"

ማንም አይዞህ አላለውም። መምህሩ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ የሰውዬውን እጅ ያዘ። እኔ አለቀስኩ። ሥራዬ አይፈቅድም፤ አለቀስኩ።

"ለእሷም እንዲሁ ይንገሯት" አለው መምህሩ።

ሰውዬው ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ሚስቱ ፊት ለፊት ቆመ።

"ደውሎልኝ ነበር። ዘጋሁበት" አላት።

"አውቃለሁ" አለችው። "ስልኩን ጆሮው ላይ የያዝኩለት እኔ ነኝ። 'አባዬ ሥራ ላይ ነው' አለኝ፤ ቅር እንኳ አላለውም። ቀድሜ ባነሳው የምወቅስህ ይመስልሃል ብዬ፣ ይኸው ዓመት ሙሉ ጠበቅሁህ።"