አዳራሹ የሳቀበት ሙሾ

ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወረድም፤ ሟርት ነው። በጎንደር ደጋ፣ ኮሶዬ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። ልጇ ዳኛው የድምፅ መቅረጫውን ይዞ መጥቶ ሙሾ አውርጂልኝ ብሎ ሲለምናትም አልቃሿ አማረች መጀመሪያ ያለችው ይኸንኑ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ማንን ልትገድልብኝ ነው?»

«ጠፍቶ የሚቀር ነገር ሆኖብኝ ነው እማ። ከአንቺ ወዲያ ማን ያውቀዋል?»

ዳኛው የጡት ልጇ ነው። እናቱ በወሊድ ሞተች፤ በዚያው ሰሞን የአማረች በኩር ገና ክርስትና ሳይነሣ ተቀጨ። ጎረቤቶች ሕፃኑን አምጥተው እቅፏ ውስጥ አኖሩት፤ እሷም የሟች ልጇን ወተት አጠባችው። ከዚያ ወዲህ አልወለደችም። ዛሬ ዳኛው ፀዳ ከተማ ላይ የድምፅ ስቱዲዮ ከፍቷል። አንድ የባህል ማኅበር የደጋውን የለቅሶ ዜማ የሚቀርጽለት ባለሙያ ሲፈልግ፣ ሥራውን ከመስጠቱ በፊት ናሙና የጠየቀው እሱን ነበር።

እምቢ ልትለው አልሆነላትም። በሰው ላይ ከማሟርት ብላ ግን የራሷን ሕፃን አነሣች። ክርስትና ላልተነሣ ልጅ ለቅሶ አይቀመጡምና ያን ኀዘን ለማንም ሳታወጣው ነበር የኖረችው። አገር በሚያውቀው ወፍራም፣ ከሆድ በሚወጣ ድምፅዋ አወረደችው፦

«ወተቱ ሰው ሆነ፣ አደገ ተማረ፣
ዕንባዬ ብቻ ነው ካንተ ጋር የቀረ።»

ዳኛው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ አቀርቅሮ ቀረ። ቀና ሲል ዐይኑ ቀልቷል።

«ሸጋ ነው እማ» አላት።

ናሙናው በሚሰማበት ቀን አማረች የክት ቀሚሷን ለብሳ ጎንደር ወረደች። የማኅበሩ ሠራተኛ ሄለን ተቀብላ ከፊተኛው ረድፍ አስቀመጠቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። አዳራሹ ሞልቷል። ዳኛው ከመድረኩ ጥግ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ድምፁን ለቀቀው።

የወጣው የአማረች ድምፅ አልነበረም። ቀጭን፣ የሚጣደፍ፣ የግልገል ጩኸት የመሰለ ነገር ነበር። ቃሉ ግን የእሷ ነው። «ወተቱ ሰው ሆነ» ሲል ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ሳቁ እየተቀባበለ ወደ ፊት መጣ። አንዳንዱ አፉን በነጠላው ይዞ ትከሻው ይርገፈገፋል። አማረች ዳኛውን አየችው። ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አየ፤ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ድምፁን አጠፋው። ከዚያ ማይክሮፎኑን አነሣ።

«ይቅርታ እንጠይቃለን። እናታችን ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ያን ቀንም ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ድምፃቸው እንዲህ ሆኖ ነው የተቀረጸው። የመሣሪያ ችግር አይደለም።»

እናቴ አላለም። አማረች ግን ያን ጊዜ እሱን አልታዘበችም፤ ያፈረችው በራሷ ነው። ልጄ የተማረ ነው፣ ልጄ አይዋሸኝም፣ እንዲህ ሆኜ ኖሯል ሰው ይሉኝታ ይዞት ዝም ያለኝ፣ እያለች ተመለሰች።

ጎረቤቷ አያ የሻው ሲያርፉ ሴቶቹ እንደ ወትሮው አውርጂ አሏት። ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ ብላ ከጥግ ተቀመጠች። በየለቅሶው እንዲሁ ሆነ። ብቻዋን ስትሆን እንኳ ማንጎራጎር ፈራች። ሁለተኛ ሙሾ እንዳታወርድ የማለች ያህል ነበር።

ሄለን ያወቀችውን ይዛ ኮሶዬ ድረስ መጣች።

«እትዬ አማረች፣ ድምፅዎ ምንም አልሆነም። መቅረጫው በአንድ ፍጥነት ቀርጾ፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ፍጥነት ነው ያጫወተው። ሲፈጥን ይቀጥናል። የዳኛው ስሕተት ነው።»

«ሳያውቅ ኖሯላ» አለች አማረች፣ ደስ እንደ ማለት ብሏት።

«አይደለም» አለች ሄለን። «ያኔውኑ ነው ያወቀው። ያን ቀን ማታ አስተካክሎ ላከልን፤ አሻሻልኩት አለ። ሥራውንም ያገኘው በዚያ ነው። እርስዎ የተስተካከለውን እንዳልሰሙ ያወቅሁት በቅርቡ ነው።»

አማረች ልጅቱን አመስግና ሸኘቻት። ከዚያ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። የአዳራሹ ሳቅ እንዲህ አላቃጠላትም ነበር። ያቃጠላት ልጇ እያወቀ፣ ያን ሁሉ ጊዜ፣ አንድ ቀን እንኳ ደውሎ «እማ፣ ድምፅሽ ደኅና ነው» አለማለቱ ነው።

ዳኛው የመጣው የቀረውን ዜማ ሊቀርጽ ሥራው ባስገደደው ጊዜ ነው። ሄለን እንደ ነገረቻት ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ የተስተካከለውን ከፈተላት። የራሷ ድምፅ ቤቱን ሞላው። እስኪያልቅ ሰማችው።

«የኔ ነው» አለች።

«ይቅር በይኝ እማ። ተምታታብኝ። ባለሙያ አይደለም ይሉኛል ብዬ ነው።»

«እኔን ግን አሮጊት ነች፣ ታማ ነው ቢሉኝ ግድ አልሰጠህም። በአዳራሽ አዋርደህ በጓዳ ታስተካክላለህ? ያለቀስሁት ለማን እንደ ነበር ከነዚያ ሰዎች ሁሉ የምታውቅ አንተ ብቻ ነበርህ።»

ዳኛው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እዚያው ሰብስበሃቸው እውነቱን ንገራቸው። ያን ጊዜ እናወርዳለን።»

«ሥራውን ይነጥቁኛል እማ።»

«እንግዲያው ብላ» ብላ መሶቡን አቀረበችለት።

በላ። እሷም አጎረሰችው፤ እጇን አልነፈገችውም። ሲነሣ እንግዳ አትሸኝም እንዳይባል እስከ ደባርቁ መኪና መንገድ አብራው ወጣች። ጭጋጉ ወርዶ መኪና የሚታየው ከቀረበ በኋላ ነው። ሚኒባሱ ሲቆም ዳኛው እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፣ ምርቃቷንም ጠበቀ። ረዳቱ «ቶሎ ግቡ» አለ።

አማረች ግንባሩን ሳመችው።

«በል፣ መኪናው እንዳያመልጥህ» አለችው፤ ሳትመርቀውም ወደ ቤቷ አቀናች።