የሸረፈዲን የውሰት እጅ

ሸረፈዲን የማሽላ መውቂያ ማሽን ቀኝ እጁን ከወሰደበት ወዲህ የቆቦ ሰው ሰላም የሚለው ክንዱን ይዞ ነው። እጁ የቆሸሸ ሰው አንጓውን ይዘረጋ የለ? እንደዚያ መሆኑ ነው፤ ነውርም የለበትም። እሱን የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ያን ቀን ማሽኑን ይዞ የነበረው አብሮ አደጉ ታረቀኝ፣ ከአደጋው ወዲህ ክንዱን ነካ አድርጎ ይሸሻል። ሸረፈዲን አንድም ቀን ወቅሶት አያውቅም። ሰውየው ግን ራሱን መውቀስ አልጠግብ ብሏል።

ታዲያ የጎረቤቱ ልጅ ሔራን ከምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የሮቦት እጅ ይዛ ስትመጣ፣ ሸረፈዲን "እኔ ልሞክረው" ያለው ለታይታ አይደለም፤ ታረቀኝን አስቦ ነው። የእጁ ጣቶች ሲነኩ ክንዱ ላይ የታሰረች ትንሽ ሞተር ትነዝራለች፤ ጠበቅ ሲደረጉ እሷም ጠንከር ትላለች። እጁ ሰኞ ተመላሽ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ወጡ። ሰው ሁሉ ጉድ እያለ ከበበው፤ ሰላምታው ግን ያው ክንድ ክንዱን። ሞተሯ ጭጭ አለች። ሔራን ሽቦውን ፈትታ አሰረች፣ ባትሪውን ቀየረች፣ ላብ አጠመቃት።

"ጋሼ፣ ተበላሽቶብኛል መሰለኝ" አለች፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

"ምኑ ይበላሻል? ጣቱን የሚነካው ሰው ጠፍቶ እንጂ! ጨዋነታችን ነው ጉድ የሠራን" ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ ታረቀኝን በግ ተራው ውስጥ አየው። እንደ ልማዱ ሊሾልክ ሲል መንገዱን ዘጋበት። ታረቀኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ክንዱን ያዘ።

"እሱን ተወው። ጣቴን ያዝ።"

"ባሳምምህስ?"

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ፕላስቲክና ሽቦ መሆኑን እያየ። ሸረፈዲን ግን አልሳቀበትም፤ እጁን ይበልጥ አስጠጋለት።

"ጨብጥ አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ!"

ታረቀኝ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው ያዘው። ሞተሯ ለስለስ ብላ ነዘረች። ቀጥሎ ጠበቅ አደረገው፤ ንዝረቱ እስከ ትከሻው ወጣ።

"አልሃምዱሊላህ፣ ተሰማኝ" አለ ሸረፈዲን። "ወላሂ ቂም የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅ።"

ሰላምታው ማብቃት የነበረበት ጊዜ አለፈ፤ ሞተሯ ግን አላቆመችም። ከኋላ የቆመችው ሔራን ደንግጣ እጇን ወደ ማጥፊያው ሰደደች።

"ጋሼ፣ አልቆም አለ! ላጥፋው?"

"ተይው ልጄ፣ ማሽኑ ደህና ነው። ታረቀኝ ነው ያልለቀቀኝ።"