የሰባተኛው መረጃ ሰጪ ቃል

ግንቦት 6 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር፤ ጉዮ በዚያን ጊዜ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ነገሌ ቦረና በሚገኝ አንድ ኮሌጅ፣ የልጆቹ እኩዮች ከሆኑ ተማሪዎች ጋር የግጦሽና የውሃ አስተዳደር ይማር ነበር። ፊደል የቆጠረው አግብቶ ከወለደ በኋላ ነው። አሁን ከዲግሪው የቀረው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ሲሆን፣ እርሱ ግን እንደ ደብዳቤ እንጂ እንደ ጥናት መጻፍ አልሆንለት አለ።

አማካሪው መምህርት እስከዳር ሦስተኛውን ረቂቅ መለሰችለትና ሳቀች።

“ጋሼ ጉዮ፣ አንቱ የሰው ጽሑፍ ሲያነቡ ከሩቅ ሰላም ብለው ነው የሚያልፉት። መጻፍ የሚለምዱት ጽሑፉን አርደው ብልቱን ሲያወጡት ነው።”

“ስንት በሬ ያረድኩ ሰው ነኝ፤ የጠፋኝ ቢላዋው ነው።”

“እንግዲያው ቢላዋውን ልስጥዎት።” ከአንድ የጥናት መጽሔት የተባዙ ዐሥራ ሁለት ገጾች አቀበለችው። “የእርስዎው ሙያ ነው፤ በአሬሮ ዙሪያ ስላሉ ኤላዎች፣ ስለ ጥልቆቹ የውሃ ጉድጓዶች። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትይዩ፣ ኅዳጉ ላይ፣ ይህን ማን አየ፣ አጥኚውስ በምን ዐወቀ የሚለውን በእርሳስ ይጻፉ። ባዶ መስመር እንዳይተዉብኝ።”

ጉዮ ጽሑፉን ተቀብሎ አጥኚው የጠቀሰውን ኤላ ስም ደጋግሞ አነበበ። ያን ኤላ ያውቀዋል። በ1985 ዓ.ም. በደረቁ ወራት ግድግዳው ሲናድ ውስጡ ነበር።

ከእንደዚያ ያለ ኤላ ውሃ የሚወጣው በሰው መሰላል ነው። በዚያን ዕለት ከታች እስከ አፉ ስድስት ወንዶች እርከን በእርከን ቆመው፣ ኦኮሌ የሚባለውን የቆዳ ባልዲ እየተቀባበሉ ያዜሙ ነበር። ዜማው ጉድጓዱን ስለሚሞላው፣ ከታች ያለው ሰው ቢጮህ ላይ ያለው አይሰማውም። ስለዚህ ቃልም እንደ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ፣ ማንንም ሳይዘል ይወጣል። ከሥር ሞሉ ነበር፣ የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ። ሁለተኛው ቦሩ፣ ሦስተኛው ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ፣ አራተኛው ጉዮ፣ አምስተኛው የቦሩ ታላቅ ወንድም ሌንጮ ነበሩ። አፉ ላይ የቆመው ስድስተኛው የውሃውን ተራ የሚመራው አባ ሄሬጋ ነው። ግድግዳው ሲናድ የታችኞቹ ሦስቱ ተቀብረው ቀሩ።

የሽማግሌዎች ጉባኤ ተቀመጠ። ጉዮ “ምንም ቃል አልደረሰኝም” አለ። ሞሉ አደጋ አይቶ ዝም የሚል ሰው እንዳልነበር ሁሉም ያውቃል፤ የማያውቁትን እንግዳ መወንጀልም ነውር ነው። ጥፋቱ ቦሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው የተላከበትን የሚረሳ ሰው “ቦሩ” ይባል ጀመር። ሌንጮ ይህን ስድብ ለሃያ አራት ዓመታት ሰምቷል። ጉዮም ሲሰማው ኖሯል።

ሥራውን በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ደስ አለው። መግቢያው ከሰፊው አገር ተነሥቶ ወደ አንድ ጉድጓድ እየጠበበ እንደሚመጣ አየ፤ አጥኚው ከእርሱ በፊት የነበሩትን አመስግኖ ያልነኩትን ክፍተት እንዴት እንደሚያሳይ አየ። ኅዳጉ በእርሳስ ተሞላ፦ ይህን ራሱ ለካ፤ ይህን ከወረዳው ሰማ፤ ይህ ግምት ነው።

ገጽ ሰባት ላይ የመረጃ ሰጪዎች ቃል በቦረና አፍ እንደተነገረ ታትሞ ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከዚያ ደረሰ።

“ውሃው ነጭ ሆነ። ግድግዳው አላበው። አቁሙ፣ ውጡ አልኩ። ሁለተኛው ተቀበለ። እንግዳው ተቀበለ። ቃሌ አራተኛው ጋ ቆመ። መረጃ ሰጪ 7።”

ጉዮ ወደ ሰንጠረዡ ተመለሰ። ዐሥራ አንድ መረጃ ሰጪዎች ተዘርዝረዋል፤ ዐሥሩ ከስልሳ ዓመት በላይ ናቸው። የሰባተኛው ዕድሜ ሃያ ሰባት ይላል። የተጠየቀበት ዓመት 2003 ነው፤ ሞሉ ከተቀበረ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በኋላ።

ማን አየ? አጥኚው በምን ዐወቀ? እርሳሱ ኅዳጉ ላይ ቆመ። ቃሉ የት እንደቆመ የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እንግዳው “ውጡ ተብሏል” ሲለው ጉዮ በደንብ ሰምቶ ነበር። ከላይ ውሃ የሚጠብቅ መንጋ ተሰልፏል፤ በእርሱ እርከን ላይ ዜማ ተቋርጦ አያውቅም፤ ይህችን አንድ ዙር ብቻ ልጨርስ ብሎ ኦኮሌውን ተቀበለ።

መምህርት እስከዳር ሰንጠረዡን አይታ “የማተሚያ ስሕተት ይሆናል፤ ሰባ ሁለት ለማለት ነው” አለች። ፊቱን ስታይ ግን ክርክሩን ተወችና የአጥኚውን ስልክ ፈልጋ ሰጠችው። አጥኚው ዶክተር ኃይለሚካኤል ቦረና ያደገ ሰው ነበር፤ ጉዮ ደውሎ ጠየቀው።

“ሰባተኛው? አልረሳውም። ኤላው ተደፍኖ ስለነበር ፎቶ ላነሣ ብቻዬን ሄድኩ። ጠርዙ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዕድሜውን ነገረኝ፣ ስሙን ግን አልነገረኝም። እጁ እስከ ክርኑ ድረስ በነጭ ጭቃ ተለውሷል። ደረቅ ወቅት ነበር፤ ውሃ የሚገኘው የግማሽ ቀን መንገድ ተኪዶ ነው። ጭቃውን ከየት አመጣው ብዬ የጠየቅኩት መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።”

“ከጽሑፉ ያስቀሩት ነገር አለ?”



“አንድ አለ። ከጥናቱ ጋር አልገጥም ስላለኝ ተውኩት። ልሄድ ስነሣ፣ ‘አራተኛው ናጋ ነው ወይ፣ ደኅና ነው? ቃሉን ያሳልፍ፤ ከባድ ነው፣ ብቻውን ይዞ አይቁም’ አለኝ። አንቱ ሰውየውን ያውቁታል?”

ጉዮ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ከብት ገበያው ሄደ፤ ሌንጮ በሬ ያሻሽጥ ነበር።

“አካም፣ ተማሪው!” አለ ሌንጮ ከሩቅ። “ጢምህ ነጥቶ አስተማሪ ስትፈራ አታፍርም? ዛሬ ደግሞ ማን ገርፎህ መጣህ?”

“ሌንጮ፣ ከታች ቃል መጥቷል።”

ሌንጮ ሳቁን አልጨረሰም።

“የምን ቃል?”

“አቁሙ፣ ውጡ የሚል። ሞሉ ተናገረ፤ ቦሩ ተቀበለ፤ እንግዳውም ተቀበለ። እኔ ጋ ደርሶ ነበር። ያላሳለፍኩት እኔ ነኝ።”

ሌንጮ በትሩን አነሣ። ጉዮ አልሸሸም። በትሩ ግን አየር ላይ ብዙ ቆይቶ ቀስ ብሎ ወረደ።

“ቦሩ ተቀበለ?”

“ተቀበለ።”

“ድገመው።”

“ቦሩ ተቀብሎ አሳልፏል።”

ሌንጮ መሬት ላይ ተቀመጠ። በሬ ሊገዛ የመጣው ሰው ነገሩ ሳይገባው ራቅ አለ። ሌንጮ ቀና ሳይል ተናገረ።

“ለጉባኤው አንተ ልትነግር አትችልም፤ ቃል ሰው አይዘልም። አሁን ቃሉ እኔ ጋ ነው። አባ ሄሬጋ በሕይወት አለ። ነገ ጠዋት አሬሮ እንሄዳለን፤ ከዚያ በኋላ ዓይንህን ማየት አልፈልግም።”

በማግስቱ በአንድ አይሱዙ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሳይነጋገሩ ተጓዙ። አባ ሄሬጋ ዓይኑ ጠፍቶ በደጃፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኙት። ሌንጮ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም ቀረበና ጆሮው ላይ ጎንበስ አለ።

“ከታች፣ አቁሙ፣ ውጡ ብለዋል።”

ሽማግሌው ማን እንደተናገረ አልጠየቀም፤ የምን ነገር ነው አላለም። ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ማንም በሌለበት ባዶ ሜዳ ፊት፣ በወጣትነቱ ድምፅ “አቁሙ!” ብሎ ጮኸ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ቆመ። ጉዮ ምን እንደነበር መናገር አይችልም፤ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ዜማ ለሃያ አራት ዓመታት በጆሮው ሲሰማው ኖሮ እንደሚሰማው ያላወቀው ነገር ነበር። ሌንጮም ሰምቶት ኖሯል መሰለኝ፣ ዘወር ብሎ ጉዮን አየው፤ ከዚያ ፊቱን መለሰ።

ጉባኤው በተከታዩ ወር ተቀምጦ የቦሩን ስም አነጻ፤ ጉዮንም በከብት ቀጣው። ሌንጮ እስከ ዛሬ አያናግረውም። ጉዮ ለመምህርት እስከዳር ባስረከበው ወረቀት ላይ፣ ከሰባተኛው መረጃ ሰጪ ቃል ትይዩ፣ “እኔ ነበርኩ” የሚል በእርሳስ ተጽፎ ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው፤ የሰዎቹን አቋቋም ወይም ዓመተ ምሕረቱን አዛብቼ ከሆነ፣ በዚያ ኤላ ውሃ የቀዳችሁ ወይም ከቀዱት የሰማችሁ እንድታርሙኝ እለምናለሁ።