ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ቀበሌዎች

1

«ውርጭ አምባ ላይ ማሽላ ይዘራል ያለው ማነው?»

ጋሽ በያድግልኝ ናቸው የጮኹት። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል።

2

መጀመሪያ ማን እንደሆንን ልንገራችሁ። እኔ የትምወርቅ እባላለሁ፤ በአንድ የምርጥ ዘር ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ጋሽ በያድግልኝ የእቅድ ክፍል ሠራተኛ ናቸው። የትኛው ዘር ወደ የትኛው ቀበሌ እንደሚሄድ ሃያ ስድስት ዓመት በወረቀት ሲያቅዱ ኖረው፣ ዘንድሮ የእቅድ ሶፍትዌር መጣባቸው። አራት ወር ሙሉ በሁለት ጣት እየለቀሙ እቅዱን የሙከራው ሰርቨር ላይ አስገቡ። እሱ መለማመጃ ነው፤ ቢበላሽ ማንም አይጎዳም። መኪኖቹ የሚጫኑት ግን ዋናው ሰርቨር ላይ በሰፈረው እቅድ ነው። የእኔ ሥራ ከዚያ ወደዚህ ማሻገር ነበር።

3

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ አስካለ ዓርብ ዕለት ያሉኝ፦

«ሁለቴ ሞከራችሁ፣ ሁለቴ ከሸፈ። ሰኞ ጭነት ይጀመራል፤ ዝናቡ እናንተን አይጠብቅም። ነገ እስከ አሥር ሰዓት ካላለቀ ወደ ወረቀት እንመለሳለን።»

«የጋሽ በያድግልኝ የአራት ወር ልፋትስ?»

«ምን ላድርግ? አብሮ ይቀራል።»

4

ቅዳሜ ጠዋት አሻገርኩት። ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል ወጣ።

ተሳክቷል።

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። ጋሽ በያድግልኝ ግን መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ማንበብ ጀመሩ። ከዚያ ነው ቁጥር 1 ላይ እንዳነበባችሁት የጮኹት።

5

ለካ ሁለቱ ሰርቨሮች ለቀበሌዎች የሰጡት መለያ ቁጥር ይለያያል። ሙከራው ላይ 41 ቁጥር አንድ የቆላ ቀበሌ ነው፤ ዋናው ላይ 41 ቁጥር ውርጭ አምባ። ኮምፒውተሩ ቁጥር ብቻ አይቶ የቆላውን ማሽላ ለደጋው ሰጠ። ያለፉት ሁለት ሙከራዎች በምን እንደከሸፉ ያኔ ገባኝ። ውርጭ ላይ የተዘራ ማሽላ የሚያስርበው እኔን አይደለም።

6

ሁሉንም አጠፋሁና በቁጥር ፋንታ በስም እንዲያገናኝ አዘዝኩት።

የተገናኙ፦ 928
ያልተገናኙ፦ 212

ስድስት ሰዓት ሆኗል።

«ምን ነካቸው እነዚህ?» አሉ ጋሽ በያድግልኝ።

አሳየኋቸው። ሙከራው ላይ «ገደል ሥላሴ»፣ ዋናው ላይ «ገደል ስላሴ»። እዚያ «ፀሐይ በር»፣ እዚህ «ጸሀይ በር»። ኮምፒውተሩ አንድ መሆናቸውን አያውቅም።

ሳቁ። እኔ ላለቅስ ነበር፤ እሳቸው ሳቁ።

«ልጄ፣ የሚለያዩት ለዓይን ነው እንጂ ለጆሮማ አንድ ናቸው። እኔ ልጥራ፣ አንቺ አገናኚ።»

7

ይህን ክፍል ዘልዬ ወደ መጨረሻው ልሄድ ነበር። ግን ድሉ ያለው እዚህ ነው።

«ገደል ሥላሴ!»

«አለ!»

«ፀሐይ በር!»

«አለ!»

«ዓይን ውሃ! ገብስ ነው፤ ስንዴ እንዳትሰጪያቸው፣ ዋግ ይፈጅባቸዋል!»

«ገብስ ሰጥቻለሁ ጋሼ!»

የእያንዳንዱን አፈር ያውቁታል። ምሳ አልበላንም። ድምፃቸው ሻከረ፤ አላቆሙም።

140።

61።

3።

ዜሮ።

8

ወይዘሮ አስካለ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገቡ። ቆመው ሃያ ቀበሌ በዘፈቀደ መረጡና አንድ በአንድ አዩ። ሃያውም ልክ ነው።

ከዚያ እልል አሉ። ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ውስጥ እልል ሲል ሰምቼ አላውቅም! ዘበኛው ደንግጦ እየሮጠ መጣ። ጋሽ በያድግልኝ በሻከረ ድምፃቸው «ዝሩ ብለህ ንገራቸው!» አሉት። ገበሬዎቹን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም፤ ግን አብሮን አጨበጨበ።

9

የማስረከቢያ ቅጹን ከነእስክሪብቶው ወደ ጋሽ በያድግልኝ ገፋሁት።

«ኧረ አንቺ ሙዪው! እኔ ኮምፒውተር ምን አውቄ?»

«የራስዎን ስም ይጻፉ እንጂ» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ጋሽ በያድግልኝ እኔን አዩኝ። እስክሪብቶውን አነሱ።

እቅዱን ወደ ዋናው ሰርቨር ያሻገረው ባለሙያ ስም፦ ____________________