እማሆይ የተሳፈሩበት መንታ ታንኳ

ቢሻው ጉማሬ አይፈራም። ክረምት የጉማራ ወንዝ ሞልቶ የቁሐር ሚካኤልን ሜዳ ሲያለብስ፣ ሌላው ሰው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ እግዚኦ ሲል፣ እሱ በደንገል ታንኳው ጥጃ ያሻግራል። የሚፈራው አንድ ፍጡር ብቻ ነው፤ የሚስቱን የስመኝን እናት እማሆይ ይርገዱን።

ሲፈራቸው ደግሞ በወጉ ነው። አማት ፊት ቀና ብሎ አይታይም፣ አማት ፊት አይጎረስም፣ የአማት ቃል አይመለስም። ሌላው አማች ይህን ሁሉ ለዓመት ለሁለት ዓመት ይጠብቅና ልጅ ሲወለድ ይላላል። ቢሻው ግን በአሥራ ስምንት ዓመት አንዲት ነገር አላጎደለም። እማሆይም በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ስሙን ጠርተው አያውቁም። «የስመኝ ባል» ነው የሚሉት፣ ያውም ፊታቸውን አዙረው። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ያንገበግበዋል። ስለዚህ የወረታ ወጣቶች የመንታ ታንኳ ውድድር አዘጋጁ ሲባል ቀድሞ ተመዘገበ። ሽልማቱ ሙክት ነበር። እሱ የፈለገው ግን ሙክቱን ሳይሆን አማቱ ፊት አንድ ጊዜ አንደኛ መውጣትን ነው።

መንታ ታንኳ የሚባለው ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን ሆኖ በባሕር ዛፍ አግዳሚ ሲታሰር ነው። ውድድሩ ከጉማራ ድልድይ ተነሥቶ ወንዙ ጣና እስከሚገባበት ድረስ ሲቀዝፉ የሚውሉበት ነው። ደንቡ እያንዳንዱ መንታ ሁለት ቀዛፊና አንድ ጭነት ይያዝ ይላል፤ ወይ አንድ ኩንታል ሩዝ፣ ወይ አንድ ሰው።

ጥቅምት ሃያ ስድስት ጠዋት ስድስት መንታዎች ድልድዩ ሥር ተሰለፉ። ቢሻውና ጎረቤቱ ትዕዛዙ ሩዛቸውን ጭነው ፊሽካ ሲጠብቁ፣ እማሆይ ይርገዱ ምርኩዛቸውን ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ ታዩ።

«የነገውን መድኃኔ ዓለም ኸሐይቁ ዳር ኸዘመዶቸ ጋር ነው የማነግሠው» አሉ። «ሩዙ ይውረድ።»

ቢሻው መሬት መሬቱን እያየ «እሺ እማሆይ» አለ።

«አያ ቢሻው፣ እግዜር ወደደን» አለው ትዕዛዙ በሹክሹክታ። «እሳቸው እኮ ግማሽ ኩንታልም አይሞሉ።»

እውነቱን ነው። ፊሽካው ሲነፋ መንታዋ እንደ ዳክዬ ተንሸራተተች። ያሸንፋል የተባለውን የሐይቅ ዳሩን በላቸውን ገና በመጀመሪያው ሰዓት አለፉት። ቢሻው እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ዞር ብሎ ማየት አልቻለም እንጅ እማሆይም ደስ ያላቸው መስሎታል።

«ቁሙ» አሉ እማሆይ።

«ምነው እማሆይ?»

«ያ የገሰሰ ቤት አይደል? ያባቱ አርባ ሊወጣ ነው፤ ለቅሶ አልደረስሁም።»

ለቅሶ ነው። ውድድር አለብኝ ተብሎ ለቅሶ ይቀራል? ቢሻው «እሺ» ብሎ ወደ ዳር አስጠጋ። እማሆይ «ወየው!» እያሉ ገቡ፤ ሁለቱም ቀዛፊዎች ተከትለው አለቀሱ። ትዕዛዙ በተለይ ከልቡ ነው ያለቀሰ፤ በላቸው በወንዙ ላይ ሲያልፍ በበሩ ይታየው ነበር። ከዚያ ንፍሮ ቀረበ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ንፍሮ ሳይቀምሱ መውጣት ነውር ነው፤ አማት ፊት መጉረስም ነውር ነው። ቢሻው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሽምብራ እያላመጠ የሌሎቹን መቅዘፊያ ድምፅ በጆሮው ቆጠረ። አምስቱም አለፉ።

ሁለተኛው ማቆሚያ አራስ ቤት ነበር። ገንፎ ተገነፋ። ትኩስ ገንፎ ደግሞ በጥድፊያ የሚበላ ነገር አይደለም፤ ትዕዛዙ ሞክሮ ምላሱን ተቃጠለ። ሲወጡ ወንዙ ላይ ሰው የሚባል አይታይም።

ቢሻው ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ግን ከሰዓት በኋላ ወንዙ አዘነላቸው። ወደ ሐይቁ ሲቃረብ ደለሉ ይበዛል፤ ኩንታል የጫነ ሁሉ አንድ በአንድ እየተያዘ ሰው ወርዶ ይገፋል። የእነ ቢሻው መንታ እማሆይን እንደያዘች በደለሉ ላይ ተንሳፋ አለፈች። አራቱን ቀደሙ። ፊት ለፊታቸው፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት፣ በላቸው ብቻ ቀረ።

«ቁሙ» አሉ እማሆይ። «ያች ልብስ የምታጥበው እናኑ ናት፣ የክርስትና ልጀ። ሳልስማት አላልፍም።»

የቢሻው መቅዘፊያ አየር ላይ ቀረ። እሺ ሊል አፉን ከፈተ፣ የበላቸውን ጀርባ ሲያይ ግን ተወው። ዞረ፤ አማቱንም በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያቸው። ከግራ ዓይናቸው ሥር ጥቁር ነጥብ እንዳለች ያን ጊዜ ገና አወቀ።

«አንቆምም» አለ። «ይቀመጡ እማሆይ። አግዳሚውን አጥብቀው ይያዙ።»

ትዕዛዙ አማተበ። እማሆይ ምርኩዛቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ፣ አግዳሚውን ያዙ። እናኑ እጇን ስታውለበልብ ሦስቱም አለፏት።

ቀዘፉ፣ ቀዘፉ፣ በላቸው ጎን ደረሱ፤ በላቸው በአንድ ክንድ ቀድሟቸው ሐይቁ ውስጥ ገባ። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። ቢሻው ግን ሙክቱም አንደኝነቱም ከሐሳቡ ጠፍቶ ነበር። አማቱን ተቀመጡ ብሏል፤ ስመኝ ይህን ስትሰማ ቤት ታስገባዋለች? እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ ሊወድቅ አሰበ፤ ዳርቻው ሁሉ ደለል ነው፣ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ትልቅ የጭቃ ጓል አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ጫነና ተንበረከከ። ጭቃው ወዲያው በጀርባው ይወርድ ጀመር።

«ይማሩኝ እማሆይ።»

 እማሆይ በምርኩዛቸው ጫፍ ጭቃውን ከማጅራቱ ገፉለት።

«ተነሥ ቢሻው» አሉ።

ስሙን ሲሰማ መነሣቱን ረስቶ ተንበርክኮ ቀረ።

«ልጀን ላንድ እሺ ባይ ዳርኋት ብየ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስበሳጭ ኖርሁ» አሉት፣ ዓይናቸው በላቸው እየጎተተ ከሚወስደው ሙክት ላይ ነበር። «ይችን አንቆምም ማለት ካወቅህበት፣ ምነው እዚያ ለቅሶ ቤቱ ዘንድ ብትለኝ? ሙክቱ የኛ አልነበር?»