ከኋላ የሚሄደው ሰው

«ያ ልጅ ዛሬም ከመኪናው አልወረደም» አሉ ጥሩብርሃን፣ አፋቸውን ወደ ወንድማቸው ልጅ ወደ ታማር ጆሮ አስጠግተው።

ታማር ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና ብላ በድንኳኑ በር አየች። ከመንገዱ ማዶ፣ ከቆሙት መኪናዎች መሀል፣ ሊአድ መሪውን እንደጨበጠ ተቀምጧል። እዚህ ራማት የዲዲም ሰፈር፣ ከሕንፃቸው ሥር፣ የአባቷ የአምባቸው የሰባት ቀን ሐዘን ከተጀመረ ወዲህ በየጠዋቱ ይመጣል፤ አይገባም። እንዴትስ ይግባ? ለቅሶ ሊደርስ ከመጣው ሰው ግማሹ እሱ ኢንተርኔት ላይ በከፈተው መሸጫ ተታሏል።

ያ መሸጫ የታማርም ሊሆን ነበር። ሁለቱ በሳፒር የፋብሪካ ሰፈር በአንድ መጋዘን አብረው ሲሠሩ ሐሳቡን ያመጣችው እንዲያውም እሷ ናት። ያን ሰሞን በኩራት ለአባቷ አስረዳቻቸው። ሰው ርካሹን የስልክ ሽፋን በውድ ይገዛል፤ ስሙ ሰልፍ ውስጥ ይገባል፤ ከኋላው በቂ ገዢ ሲመጣ፣ ከሰልፉ ራስ ያለው ላፕቶፕ ተቀብሎ ይወጣል። ከዚያ ሰልፉ አንድ እርምጃ ይጠጋል።

«የመጨረሻዎቹስ?» አሉ አምባቸው።

«ከኋላቸው ሌላ ይመጣላቸዋል።»

«ለሱስ?»

«ለሱም ይመጣል። ኢንተርኔት እኮ ነው አባዬ፣ ሰው አያልቅም!»

«ሰውማ ያልቃል። ወደዚህ አገር በእግር ስንመጣ፣ በሱዳኑ መንገድ ከሁሉ ኋላ የምሄድ እኔ ነበርሁ። ዞሬ ሳይ ከኔ ኋላ በረሃ ብቻ ነው። ደግሞስ የምታሰልፊው ማንን ነው? ያንኑ የኛን ሰው። የኛ ሰው እንደሁ ያምባቸው ልጅ ናት ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይገባል።»

አልሰማቻቸውም። እሳቸውም ዝም አላሉም። በማግስቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሕንፃ ሕንፃ እየዞሩ «ልጄ ግቡ ብትላችሁ እንዳትገቡ» አሉ። በገዛ ልጁ ላይ ሰው የሚያሳድም አባት! ታማር በሀፍረት ነደደች። ስንት ሰንበት ሳትጠይቃቸው ቀረች። ሐሳቡንም ተወችው፤ ሊአድ ግን ብቻውን ከፈተው።

መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። የሊአድ አጎት ላፕቶፑን ታቅፎ የተነሳው ፎቶ በየስልኩ ዞረ፤ ሰዉም ተሻማ። ከዚያ አዲስ ገቢ ጠፋና ሰልፉ ቆመ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ያኮቭ ለልጁ ላፕቶፕ አገኛለሁ ብሎ፣ አንድ ዓይነት የስልክ ሽፋን በሦስት ቀለም ይዞ ቀረ። የተከፋው ሁሉ ከሰሰ። ፖሊስ ሊአድን ጠርቶ መረመረው፣ ባንኩም ሒሳቡን ዘጋበት። ከሁሉ የከፋው ግን ሠርግም ለቅሶም የማይደርስ ሰው መሆኑ ነው። በእኛ ዘንድ ይሄ የቁም ሞት ነው።

ታማር ያን ጊዜ ወደ አባቷ ተመለሰች። አብራቸው በላች፣ አብራቸው ሳቀች፤ «አመሰግናለሁ» ማለቱን ግን ነገ ነገ ስትል ሞት ቀደማት።

አሁን በድንኳኑ የሚገባውን ሁሉ ቀና ብላ ታያለች። አንዱ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል፣ አንዷ አንገቷን አቅፋ ታለቅሳለች። አይታ የምትሸሸው ሰው የለም። ይህን ያቆዩላት አባቷ ናቸው።

«እቴትዬ፣ ያኔ አባዬ እንዳትገቡ ሊል ቤትሽ ሲመጣ ምን አለሽ?» አለች ታማር።

ጥሩብርሃን ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «እኔን ትቆጣኝ አለኝ። አባቷ ነኝ፣ ቁጣዋን እችለዋለሁ፤ የሰው እርግማን ግን አልችልላትም አለኝ። ወንድሜ እንዲያ ነው። በዚያ መንገድ ደክሞኝ አሸዋው ላይ ስቀመጥ ሰው ሁሉ አልፎኛል፤ ያነሳኝ ከኋላ የሚመጣው እሱ ነው። እዚህ እንኳ ወደ ምኩራብ ስንሄድ ዞሮ ሳያይ ጥግ አይታጠፍም ነበር።»

ታማር አለቀሰች። ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ አባት ስላገኘችም ነው ያለቀሰችው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ጸሎቱ አልቆ «ከሐዘናችሁ ተነሱ» ተባለ። እንደ ልማዱ ሐዘንተኞቹ ሕንፃውን ሊዞሩ ወጡ፤ ሰዉም ተከተለ። የሟች ልጅ ናትና ታማርን ከፊት አስቀደሟት። ጥቂት ሄዳ ቆመች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ የሊአድን መስኮት አንኳኳች።

«ውረድ።»

«ሎ፣ ሎ፣ አይሆንም፣ አልችልም። የሚሽታራው፣ የፖሊሶቹ ምርመራ ይሻለኛል። እነዚህ ይጠይቁኛል፣ ታማር።»

«ይጠይቁህ። ትመልስላቸዋለህ። ና፣ ከፊቴ ሂድ።»

ወረደ። ያኮቭ ሲያየው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ታማርን አይቶ ተወውና መንገዱን ቀጠለ። ታማር ሊአድን አሳለፈች፣ ጎረቤቶቿን አሳለፈች፣ በምርኩዝ የሚያዘግሙትን አሮጊቶች አሳለፈች። ከሕንፃው ጥግ ስትደርስ ዞራ ወደ ኋላ አየች። የቀረ ሰው የለም።

«አመሰግናለሁ፣ አባዬ» አለችና ከሁሉ ኋላ ሆና ተከተለቻቸው።