ከኋላ የተጫኑት ጎማዎች

ጋሼ ሳህሉ ፒክአፑን የገዙት ለመብራቱ ብለው ነው። ሰው መኪና ሲገዛ ሞተሩን ያያል፣ ቀለሙን ያያል፤ እሳቸው ግን የጎማ ንፋስ ሲጎድል ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራዋን ትንሽ ቢጫ መብራት አይተው ወደዱ። ሻጩ በየጎማው ውስጥ ሴንሰር እንዳለ፣ ንፋሱን እየለካም ለመኪናው እንደሚናገር ሲያስረዳቸው፣ ይኼስ ለሚስቴ ለወርቅውሃ የተሠራ ነው ብለው ፈረሙ።

ነገሩ የቆየ ነው። ከአገር ወጥተው ሴንት አልባንስ የሚባለው ሰፈር በገቡ ሰሞን፣ ሁለቱ ሆነው ለክርስትና ባላራት ወደሚባል ከተማ ሲሄዱ የአሮጌዋ መኪናቸው የኋላ ጎማ ፈነዳና መኪናዋ መንገዱ ላይ ተሽከርክራ ሣር ውስጥ ገባች። ማርያም አወጣቻቸው እንጂ የሚተርፉ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው እትዬ ወርቅውሃ ከሳቸው ጋር ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ባቡር አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ የሰው መኪናም አለ። ጋሼ ሳህሉ ሩቅ በሄዱ ቁጥር ጎናቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። ሰው ፊት ይቀልዱበታል፤ ውስጣቸውን ግን ያማቸው ነበር። የምትፈራው ጎማ ነው እያሉ ራሳቸውን ያጽናናሉ።

ክረምቱ ገባ። እዚህም ክረምቱ ሐምሌ ላይ ነውና በዚህስ አገሩ አልከዳንም። እትዬ ወርቅውሃ ሌክ ማውንቴን የሚባለውን ተራራ በረዶ በቴሌቪዥን አይተው፣ እኔ የማውቀው ጣራ የሚደበድበውን በረዶ ነው፣ እንዲህ ተነጥፎ የሚተኛውን ሳላይ ልሞት ነው አሉ። ጋሼ ሳህሉ ቃሉን ከአፋቸው ቀለቡት። ቅዳሜ ልውሰድሽ አሉ። እትዬም፣ ያ መብራትህ ካልበራ እሺ አሉ።

ዕቁባይ የሚባል ወዳጅ አላቸው፤ ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ ስለ መንገድ የማያውቀው የሌለ፣ ባያውቅም የሚናገር ሰው ነው። ለበረዶ መንገድ ጥርሱ ሻካራ የሆነ ጎማ ካልሆነ ብሎ፣ ከሸጠው መኪና ያስቀራቸውን አራት የክረምት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ይዞ መጣ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክሪክ አስገብተው፣ ዳዶ እየፈቱ እየተጨቃጨቁም አራቱንም ቀየሩ። ጋሼ ሳህሉ ሰፈሩን አንዴ ዞር እንዳሉ ቢጫዋ መብራት ቦግ አለች።

ዕቁባይ ንፋስ ጎድሎ ነው አለ። ነዳጅ ማደያ ሄደው ሞሉ፤ አልጠፋችም። በዝቶ ይሆናል አለ ደግሞ፤ አጎደሉ፤ እሷ እቴ። በመጨረሻ ጎማ ቤት ደወሉ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ሳቅ እየቀደመው አስረዳቸው፦ ሴንሰሮቹ ያሉት በወለቁት ጎማዎች ውስጥ ነው፣ የክረምቶቹ የላቸውም፣ መኪናው የሚያውቃቸውን ጎማዎች ሲያጣ ነው የሚያበራው። ኦርደር ቢያደርጉ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። የሚቀጥለው ሳምንት! እትዬ ወርቅውሃ እሺ ያሉት ለነገ ነው፤ ስንት ዓመት የተጠበቀች እሺ ደግሞ ሳምንት አታድርም። ጋሼ ሳህሉ ልባቸው ስብር አለ።

የቤታቸው ጋራዥ በጽዋ ማኅበራቸው ወንበሮች ስለተጣበበ፣ የወለቁትን ጎማዎች ዕቁባይ ቤት ሊያስቀምጡ ከኋላ ጫኑና ብቻቸውን ወጡ። መንገድ ላይ መብራቷ ጠፋች። መጀመሪያ ተአምር ነው ብለው አማተቡ። ቆየት ብለው ግን ነገሩ ገባቸው፦ ጎማዎቹ ከኋላ ተዘርፍጠው፣ ንፋሳችን ሙሉ ነው፣ ሁሉ ሰላም ነው እያሉ ይናገራሉ፤ መኪናው መሬት ላይ ይሁኑ ጀርባው ላይ በምን ያውቃል? ጋሼ ሳህሉ ዕቁባይ ቤት ሳይደርሱ ዞረው ተመለሱ። ጎማዎቹን ሸራ አለበሷቸው። ይህ ውሸት ነው ወይስ አይደለም ብለው ራሳቸውን ጠየቁና፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ተኙ። ደስ ብሏቸውም አደሩ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ወርቅውሃ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዘው ወጡ። ሩቅ መንገድ ያለ ጸበል አይጀምሩም፤ በሰው መኪና እንኳ ሲሄዱ ባለመኪናውን አስፈቅደው ይረጫሉ። መሪው ላይ ረጩ፣ ወንበሩ ላይ ረጩ፣ ከዚያ በስመ አብ እያሉ ጎማ ለጎማ ዞሩ። ጋሼ ሳህሉ ሞተሩን አስነስተው መሪውን ጨብጠዋል። እትዬ በግራ በኩል ያለው የፊት ጎማ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

ንፋስ የሚሞላበት አፍ ላይ ያረፈው ጸበል አረፋ እየሠራ ነው አሉ። ጋሼ ሳህሉ ከተቀመጡበት ዳሽቦርዱን እያሳዩ መብራት እንደሌለ፣ ሁሉም ደህና እንደሆነ ተናገሩ።

"ውረድና እይ" አሉ እትዬ ወርቅውሃ።

ወረዱ። እውነትም ትንንሽ አረፋ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። በእጃቸው ሲጫኑት ጎማው ለስለስ ብሏል። አፉ ማታ ሲሞላ ሲጎድል ነው የላላው። ጋሼ ሳህሉ አንዴ ጎማውን፣ አንዴ ሚስታቸውን አዩ። ይህን ጎማ ይዘው አውራ ጎዳና ሊወጡ፣ እሷን ከጎን አስቀምጠው! እዚያው ቁጢጥ አሉ።

"መብራቱ የሚያወራው ከኋላ ስለጫንኳቸው ጎማዎች ነው" አሉ ቀና ሳይሉ። "ስለነዚህ ምንም አያውቅም። ትቀሪብኛለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

እትዬ ወርቅውሃ ሸራውን ገለጥ አድርገው አራቱን ጎማዎች አዩና መልሰው ሸፈኑ። ጋሼ ሳህሉ ቁጣ ጠበቁ። ቁጣ አልመጣም፤ የመጣው ከቁጣ የባሰ ነበር።

"እኔ ጎማ ፈርቼ መስሎሃል?" አሉ። "ያኔ ባላራት መንገድ ላይ ድምፅ አለ፣ ውረድና እይ አልኩህ። አስፋልቱ ነው ብለህ ነዳህ። ሳህሉ፣ እኔ የምፈራው አለመውረድህን ነው።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጋሼ ሳህሉ ያን ቀን ሲያወሩ ጎማውን ይረግማሉ፣ የሸጠላቸውን ይረግማሉ፤ ይቺን ቃል ግን ከነመባሏም ረስተዋት ነበር። አሁን ግን የሚስታቸው ድምፅ፣ የራሳቸውም መልስ መጣባቸው። ጎናቸው ያለው ወንበር ባዶ የሆነው ለካ በጎማ ምክንያት አልነበረም።

የመሣሪያ ሳጥናቸውን አወጡ፣ የላላውን ቫልቭ አጠበቁ፣ መኪናው ውስጥ በሚይዟት ትንሽ ፓምፕ ንፋስ ሞሉ። ከዚያ የጸበሉን ጠርሙስ ራሳቸው ለመኑና የቫልቩ አፍ ላይ ጠብ አደረጉበት፤ አረፋ የለም። ሌሎቹንም አንድ በአንድ እንዲሁ አዩ። ከኋላ የተጫኑትን ጎማዎች አውርደው እያንከባለሉ በረንዳው ላይ ደረደሩ። እትዬ ወርቅውሃ ሸራውን አጣጥፈው ያዙላቸው።

ገና ከሰፈር ሳይወጡ መብራቷ ቦግ አለች። ጋሼ ሳህሉ መኪናውን ጥግ አስያዙና አቆሙ።

"በራ" አሉ።

"ይብራ" አሉ እትዬ ወርቅውሃ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "አንተ አይተኸው የለ።"

ሂልስቪል የምትባል ከተማ ሲደርሱ ጋሼ ሳህሉ ማንም ሳይጠይቃቸው ቆመው ወረዱ። አራቱንም ጎማ በእጃቸው እየተጫኑ ዞሩ፤ ለሚያያቸው ሰው ከብት ገዢ ይመስሉ ነበር። እትዬ ወርቅውሃ በመስኮት ይከታተሏቸው ነበር። ሲመለሱ ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሏቸው፤ ሁለቱም ሳቁ።

መንገዱ ጥቅጥቅ ባሉ ረጃጅም ዛፎች መሃል እየተጠማዘዘ ወጣ። ጋሼ ሳህሉ በዝግታ ነዱ። ከሜሪስቪል ከተማ ወዲያ ዳርና ዳሩ ነጭ መሆን ጀመረ፤ በደስታ ሊያሳዩዋቸው ዞር ሲሉ እትዬ ወርቅውሃ ጭንቅላታቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

በረዶው ጋ ደርሰው ሲያቆሙም አልነቁም። ጋሼ ሳህሉ ሊቀሰቅሷቸው እጃቸውን ዘረጉና መለሱት። ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ሙቀቱን ትንሽ ጨምረው፣ ተቀምጠው ጠበቁ። በረዶው የትም አይሄድም።